የባለሙያ ምላሽ፦ በረራ ቢታገድ አዲሱ የኮሮና ዝርያ ባለበት ይቀራል?

ጥያቄው፦ «አዲስ የኮሮና ዝርያ ተገኘ በተባለ ቁጥር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ዓለምን ያዳርሳል። የተፈጠረበት አገር ላይ በዚያው ቀን በረራ ቢታገድ እዚያው አይቀርም? ዝርያዎቹን የሚፈጥራቸው ክትባቱ ነው የሚሉም አሉ፤ እውነት ነው? እኔ ከአምስት ሳምንት በኋላ ለሥራ ወደ ሌላ አገር እሄዳለሁ። አብራኝ የምትኖረው እናቴ 71 ዓመቷ ነው፤ ስኳር አለባት። የመጨረሻ ክትባቷን ከወሰደች ሁለት ዓመት አልፎታል። ጉዞዬን ልሰርዝ?»

ጉዞዎን አይሰርዙ። የእናትዎን ክትባት ግን በዚህ ሳምንት ያስጨርሱ። የሁለቱም ምክንያት አንድ ስለሆነ ከሥሩ ልጀምር። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በጥያቄዎ ውስጥ መታረም ያለባት አንዲት ሐረግ አለች፤ «የተፈጠረበት አገር» የምትለዋ። ዜናው የሚነግረን ዝርያው መጀመሪያ የታየበትን አገር ነው። የተፈጠረውም እዚያው ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል። አንድ ሰው ፒሲአር በሚባለው የላቦራቶሪ ምርመራ ተመርምሮ ኮሮና አለብህ ሲባል የትኛው ዝርያ እንደያዘው ገና አልታወቀም። ያንን ለማወቅ ወደ 30,000 የሚጠጉ ፊደላት ያሉትን የቫይረሱን ሙሉ ዘረመል ማንበብ ያስፈልጋል፤ ይህ ደግሞ መሣሪያ፣ ገንዘብና የሠለጠነ ሰው ይጠይቃል። ስለዚህ አዲስ ዝርያ ብዙ ጊዜ የሚገኘው አጥብቀው በሚፈልጉት ዘንድ ነው። ጋማ የተባለው ዝርያ የተስፋፋው በብራዚል አማዞን፣ በተለይ በማናውስ ከተማ ነበር፤ ለይታ ያሳወቀችው ግን በጃንዋሪ 2021 ከዚያ አካባቢ የመጡ አራት መንገደኞችን አውሮፕላን ማረፊያ ላይ የመረመረችው ጃፓን ናት። በኦገስት 2023 ቢኤ.2.86 የተባለው ዝርያ ብቅ ሲል ደግሞ እስራኤል፣ ዴንማርክ፣ አሜሪካና እንግሊዝ በቀናት ልዩነት አገኘነው አሉ። የማን በረራ ሊታገድ ነበር?

ሁለተኛው ችግር ጊዜ ነው። ሰው ከተያዘ በኋላ ምልክት እስኪያሳይ ቀናት ያልፋሉ፤ ምልክት አሳይቶ እስኪመረመርም ሌላ ቀናት። ናሙናው ተመርጦ ዘረመሉ እስኪነበብ አንድ ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይሄዳል። ይህ ሁሉ ሆኖ አንድ ናሙና ብቻውን ምንም አይናገርም፤ ተመሳሳዮቹ ተጠራቅመው አንዱ ባለሙያ «ይሄ ነገር በዛ» ማለት አለበት። አልፋ የተባለው ዝርያ ወደ ኋላ ተመልሶ ሲፈተሽ በደቡብ ምሥራቅ እንግሊዝ በሴፕቴምበር 2020 በተወሰዱ ናሙናዎች ውስጥ ተገኝቷል። ለሕዝብ የተነገረው ዲሴምበር 14 ቀን ነው። ሦስት ወር ሊሞላ ትንሽ ቀርቶት ማለት ነው፤ ያውም በጊዜው ከማንም በላይ ናሙና ከሚያነቡት አንዷ በሆነች አገር። መንግሥታት ከእንግሊዝ የሚመጣ በረራ ለመዝጋት የተሯሯጡት ከዚያ ወዲህ ነው።

ኦሚክሮን የተባለው ዝርያ ደግሞ በእጅጉ ፈጥኖ ነው የታወቀው። የመጀመሪያዎቹ ናሙናዎች የተወሰዱት በኖቬምበር 2021 ሁለተኛ ሳምንት ነው፤ ደቡብ አፍሪካ በ24ኛው ቀን ለዓለም ጤና ድርጅት አሳወቀች፤ ድርጅቱ ከሁለት ቀን በኋላ ስም አወጣለት። ከዚህ የፈጠነ ማስጠንቀቂያ መጠበቅ ይከብዳል። ሆኖም ኔዘርላንድስ ያስቀመጠቻቸውን ናሙናዎች ስትፈትሽ ኖቬምበር 19 እና 23 በተወሰዱት ውስጥ አገኘችው። ማስጠንቀቂያው ሳይሰማ ዝርያው ገብቶ ተቀምጧል። እስከ ዲሴምበር 14 ድረስ መገኘቱን ያሳወቁ አገሮች 77 ደርሰው ነበር። ለደቡብ አፍሪካና ለጎረቤቶቿ የተመለሰላቸው ውለታ የበረራ እገዳ ሆነ። በዚህ ጉዳይ ገለልተኛ መስዬ መናገር አልችልም፤ ቀድሞ የተናገረ ሲቀጣ ያየ አገር በሚቀጥለው ጊዜ ዝም ማለትን ይማራል፤ የዝምታው ዋጋ ደግሞ ለሁላችንም ይደርሰናል።

አሁን ወደ ሒሳቡ። የተያዦች ቁጥር በየሦስት ቀኑ እጥፍ የሚሆን ዝርያ አለ እንበል፤ ኦሚክሮን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በብዙ ቦታ እንዲህ ነበር የሚፈጥነው። አንድ አገር ቫይረሱን ይዘው ከሚገቡ አሥር ሰዎች ዘጠኙን ማስቀረት ቻለ። የቀረው አንዱ ወደ አሥር ለመድረስ ሦስት ጊዜ ከትንሽ መታጠፍ ብቻ ይበቃዋል፤ አሥር ቀን ያህል። ከመቶ ዘጠና ዘጠኙን ቢያስቀር ደግሞ የሚያተርፈው ሃያ ቀን ነው። ይህን ስሌት ለተማሪዎች ባሳየሁ ቁጥር አላምንም ብሎ በወረቀት ደግሞ የሚያሰላ አይጠፋም። እጥፍ እያለ በሚያድግ ነገር ላይ በሩን ዘጠኝ እጅ መዝጋት ዘጠኝ እጅ ጥበቃ አይሰጥም፤ የሚሰጠው ቀናት ነው።

በሩም አንድ አይደለም። ቫይረሱ በ2020 መጀመሪያ ወደ እንግሊዝና አካባቢዋ እንዴት እንደገባ በዘረመል ሲጠና ለየብቻቸው የገቡ ከ1,000 በላይ የስርጭት መስመሮች ተለይተዋል። አብዛኞቹ ከስፔን፣ ከፈረንሳይና ከጣሊያን የመጡ ነበሩ፤ በቀጥታ ከቻይና የገባው እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ሁሉም ዓይኑን አንድ በር ላይ ተክሎ ሳለ ሌሎቹ በሮች ወለል ብለው ተከፍተው ነበር። ኖቬምበር 26 ቀን 2021 ከደቡብ አፍሪካ ተነሥተው አምስተርዳም ያረፉ ሁለት አውሮፕላኖችን ያስታውሱ ይሆናል። ከ600 በላይ ተሳፋሪዎች ነበሯቸው፤ 61ዱ ቫይረሱ ተገኘባቸው። አዲሱን ዝርያ የያዙት ግን ከ61ዱ ጥቂቶቹ ብቻ ነበሩ። ዓለም ስለ አዲሱ ሲጨነቅ አሮጌው በዚያው አውሮፕላን፣ በዚያው ወንበር ይጓዝ ነበር።

ታዲያ እገዳ ከንቱ ነው? እንዲህም ማለት ሌላ ስህተት ነው። የተገዛው ቀን ዋጋ የሚያገኘው በሚሠራበት ሥራ ነው። ኒውዚላንድና ሆንግ ኮንግ ሁለቱም ሁለት ዓመት ያህል ድንበራቸውን ጥርቅም አድርገው ዘግተው ከቫይረሱ ከባድ ማዕበል ተርፈዋል። ኒውዚላንድ በዚያ ጊዜ ሕዝቧን ከተበች፤ ኦሚክሮን በ2022 መጀመሪያ ሲገባ ከ12 ዓመት በላይ ከሆኑት ነዋሪዎቿ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት ሁለት ጊዜ ተከትበው ነበር፤ ስርጭቱ ከፍተኛ ቢሆንም የሞተው ሰው ከብዙ አገሮች አንጻር አነስተኛ ነበር። ሆንግ ኮንግ ውስጥ ክትባቱ ሞልቶ ሳለ ከ80 ዓመት በላይ ከሆኑት አብዛኞቹ አልተከተቡም። ያው ኦሚክሮን፣ «ቀላል ነው» የተባለው፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ9,000 በላይ ሰው ገደለ፤ ከዚያ በፊት በነበሩት ሁለት ዓመታት የሞቱት 300 እንኳ አይሞሉም። ለእናትዎ ክትባት የምቸኩለው በዚህ ምክንያት ነው። በር መዝጋት የእናትዎ ክትባት ሁለት ዓመት ያለፈው መሆኑን አይለውጥም።

እስካሁን ያወራሁት ዝርያው እንዴት እንደሚደርስ ነው። መድረስና መውረስ ግን ይለያያሉ፤ ብዙ ሰው የሚስተው ይህን ነው። መጀመሪያ በፔሩ የታየው ላምዳና በኮሎምቢያ የታየው ሙ የተባሉት ዝርያዎች በርካታ አገሮች ደርሰዋል፤ ዴልታ ሲመጣ ግን ሁለቱም ከስመዋል። ቤታ ከቀደመ ኢንፌክሽን የተገኘን የመከላከል አቅም በማምለጥ ያስፈራ ነበር፤ ሆኖም በመተላለፍ ፍጥነት ዴልታን መወዳደር አልቻለም። አዲስ ዝርያ እግሩ የረገጠበትን አገር እንዲወርስ በዚያ ቦታና ጊዜ ከነባሩ በአንድ ነገር መብለጥ አለበት፤ ወይ በቀላሉ መተላለፍ፣ ወይ ሰዎች ካዳበሩት የመከላከል አቅም ማምለጥ፣ ወይ ሁለቱም። አልፋና ዴልታ በአመዛኙ በመጀመሪያው አሸነፉ፤ ኦሚክሮንና ልጆቹ በአመዛኙ በሁለተኛው። ለዚህ ነው አንድ ዝርያ በአንድ አገር ማዕበል ሲያስነሣ በሌላው ሳይሰማ የሚያልፈው፤ የየአገሩ ሕዝብ ቀድሞ ያገኘው ቫይረስና የወሰደው ክትባት አንድ አይደለም።

የዕድልም ድርሻ አለ። በ2020 ስፔን ውስጥ ቢ.1.177 የሚባል ዝርያ ነበር። በዚያ ዓመት ክረምት ለዕረፍት ሄደው የተመለሱ ሰዎች ወደየአገራቸው ይዘውት ገቡና በጥቂት ወራት ውስጥ በብዙ የምዕራብ አውሮፓ አገሮች ተንሰራፋ። ተመራማሪዎች ሲያጠኑት ከሌሎቹ የበለጠ የመተላለፍ አቅም አላገኙበትም፤ የዕረፍት ጉዞ ነው የተሸከመው። ስለዚህ «በፍጥነት እየተስፋፋ ነው» የሚል ዜና ብቻውን ዝርያው አደገኛ ነው ማለት አይደለም። ባለሙያው የሚጠይቀው፣ ሰዎቻቸው እርስ በርስ እምብዛም በማይገናኙ፣ የጉዞ ልማዳቸውም በተለያየ በርካታ አገሮች በአንድ ጊዜ ከነባሩ እየበለጠ ነው ወይ የሚለውን ነው። አዎ ከሆነ ያኔ እጨነቃለሁ።

ክትባት ዝርያ ይፈጥራል ለሚለው የቀን ቅደም ተከተሉ ብቻ በቂ መልስ ነው። አልፋ፣ ቤታ፣ ጋማና ዴልታ አራቱም መሰራጨት የጀመሩት በ2020 ነው፤ ሰፊው የክትባት ዘመቻ የተጀመረው በዚያው ዓመት ዲሴምበር ውስጥ ነው፤ ያውም በጥቂት አገሮች። ለውጥ የሚመጣው ቫይረሱ ራሱን ሲያባዛ ከሚሠራው ስህተት ነው። የኮሮና ቫይረሶች ስህተታቸውን የሚያርሙበት ኢንዛይም ስላላቸው ለውጣቸው ዘገምተኛ ነው፤ በአንድ የስርጭት መስመር ላይ በወር ሁለት ያህል ለውጥ ይጠራቀማል። ታዲያ ኦሚክሮን ከሰው ሴል ጋር በሚጣበቅበት፣ ስፓይክ በሚባለው ፕሮቲኑ ላይ ብቻ ከ30 በላይ ለውጥ ይዞ በአንዴ እንዴት መጣ? ሚዛን የሚደፋው ማብራሪያ፣ ሰውነቱ በሽታ የመከላከል አቅሙ የተዳከመ ሰው ቫይረሱን ለወራት ሳያስወግድ ሲቆይ ለውጦቹ በእሱ ውስጥ ተጠራቅመው ነው የሚለው ነው። እንዲህ ባሉ ታማሚዎች ላይ ለውጥ ሲከማች በተደጋጋሚ ታይቷል። ስለዚህ ኤችአይቪ፣ ካንሰርና የመሳሰሉት ያሉባቸው ሰዎች ሕክምናቸው እንዳይቋረጥ ማድረግ ዝርያን ከመግታት ሥራ አንዱ ነው፤ ስለ አውሮፕላን ማረፊያ የትኩሳት መለኪያ ካሜራ የሚወራውን ሩብ ያህል እንኳ ሲወራለት ግን አልሰማሁም። ሁለት ዝርያዎች አንድን ሰው በአንድ ጊዜ ይዘው ዘረመላቸውን የሚቀላቅሉበትም መንገድ አለ፤ በ2022 የተስፋፋው ኤክስቢቢ እንዲህ የተወለደ ነው።

በአሉባልታው ውስጥ አንድ የእውነት ፍሬ አለ፤ እሱን አልክድም። አብዛኛው ሰው የመከላከል አቅም ሲያዳብር ያንን የሚያመልጥ ዝርያ ከሌሎቹ ይልቅ ይቀናዋል። ይህ ግን አቅሙ ከክትባትም ተገኘ ከሕመም ለውጥ የለውም፤ ልዩነቱ በሕመም ያገኘው ሰው መጀመሪያ ለቫይረሱ ቤት ሆኖ ማባዛቱ ነው። «ቫይረስ ሲቆይ ሁልጊዜ እየለዘበ ይሄዳል» የሚለውም ሕግ አይደለም፤ ዴልታ ከአልፋ በኋላ መጥቶ ከአልፋ የባሰ ነበር።

ስለ ስሞቹም በአጭሩ። የዓለም ጤና ድርጅት በሜይ 2021 የግሪክ ፊደላትን መጠቀም የጀመረው ዝርያ በአገር ስም እየተጠራ ሕዝብ እንዳይሰደብበት ነው። ከኦሚክሮን በኋላ የመጡት፣ ጄኤን.1ን ጨምሮ፣ ሁሉም የኦሚክሮን ዘሮች ናቸው፤ በዜና የሚሰሙት የፊደልና የቁጥር ድርድር የቤተሰብ ሐረግ ቁጥር እንጂ የአደጋ ደረጃ አይደለም። ድርጅቱ የዓለም አቀፍ ድንገተኛ አደጋ አዋጁን ሜይ 5 ቀን 2023 ካነሣ ወዲህ ደግሞ ምርመራውም የዘረመል ንባቡም በብዙ አገሮች ቀንሷል። ክፍተቱን በከፊል የሚሞላው የፍሳሽ ቆሻሻ ምርመራ ነው፤ በአንዳንድ አውሮፕላን ማረፊያዎች የአውሮፕላን መጸዳጃ ፍሳሽ ሳይቀር ይመረመራል። ይህ ማለት ዛሬ የአዲስ ዝርያ ዜና ሲሰሙ ዝርያው በ2021 ከነበረው ይበልጥ ርቆ ተጉዟል ብለው ያስቡ።

እንግዲህ ወደ እርስዎ ቤት። አምስት ሳምንት አለዎት፤ ክትባት ሙሉ ጉልበቱን እስኪያገኝ ሁለት ሳምንት ያህል ይበቃዋል። በቅርብ ዝርያዎች ላይ ተመሥርቶ የተሻሻለ ክትባት የሚያገኙ ከሆነ እናትዎ እሱን ይውሰዱ፤ ካልተገኘ ያለውን ይውሰዱ እንጂ የተሻለውን እየጠበቁ አይቆዩ። እርስዎም አብረው ይከተቡ። ክትባቱ እንዳይያዙ የሚሰጠው ጥበቃ በወራት ውስጥ እንደሚቀንስ ይወቁ፤ ከከባድ ሕመምና ከሞት የሚሰጠው ጥበቃ ግን ረዘም ይላል፤ እኛም የምንፈልገው በዋናነት እሱን ነው።

በጉዞው ላይ ፊት ላይ በደንብ የሚገጥም ኤን95 ወይም ኤፍኤፍፒ2 ማስክ ያድርጉ። ብዙ ሰው በረራው ላይ አድርጎ ወረፋው ላይ ያወልቀዋል፤ ይበልጥ የሚያስፈልገው ግን ወረፋው ላይ ነው። አውሮፕላኑ በአየር ላይ እያለ የውስጡ አየር በማጣሪያ እያለፈ ቶሎ ቶሎ ይለወጣል። የሚያሳስበው የፍተሻ ወረፋው፣ አውሮፕላኑ ቆሞ ሰው የሚሳፈርበት ጊዜ፣ አጠገብዎ የሚያስል ጎረቤትና ከሁሉም በላይ የሚሄዱበት አገር ያለው መስኮቱ የተዘጋ የስብሰባ አዳራሽ ነው።

ሲመለሱ ለአምስት ቀናት ከእናትዎ ጋር በአንድ ክፍል አይተኙ፤ አብረው ገበታ አይቅረቡ፤ መገናኘት ግድ ሲሆን ማስክ ያድርጉ፤ መስኮት ይክፈቱ። በሦስተኛውና በአምስተኛው ቀን ፈጣን ምርመራ ያድርጉ። በመጣሁበት ቀን ተመርምሬ ነጻ ነኝ ብሎ ወደ ሳሎን መግባት የተለመደ ስህተት ነው፤ ፈጣን ምርመራ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ብዙ ያመልጠዋል።

ከመሄድዎ በፊት የእናትዎን መድኃኒቶች ዝርዝር ይዘው ሐኪማቸውን ያነጋግሩ። በኮቪድ ቢያዙ የሚረዳው ፓክስሎቪድ የተባለው መድኃኒት ምልክት በታየ በአምስት ቀን ውስጥ መጀመር አለበት፤ ከአንዳንድ የኮሌስትሮልና የልብ መድኃኒቶች ጋር ደግሞ ይጋጫል፤ ኩላሊታቸው የደከመ ከሆነ መጠኑ ይስተካከላል። ይህን ሁሉ ለማጣራት ትኩሳት ከመጣ በኋላ የሚቀረው ጊዜ አጭር ነው። አንቲባዮቲክ ቫይረሱን አይነካውም። ኢንፌክሽን የደም ስኳርን ከፍ ስለሚያደርግ በሕመም ቀናት ስኳራቸው ከወትሮው ቶሎ ቶሎ ይለካ፤ ትንፋሽ ካጠራቸው፣ ግራ ከተጋቡ ወይም መጠጣት ካቃታቸው ግን የቤት ክትትሉ ያበቃል፤ በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት ይውሰዷቸው።

ምክሬን የሚለውጡት ሁለት ነገሮች ናቸው። እናትዎ ከስኳሩ ሌላ ኬሞቴራፒ ላይ ከሆኑ፣ የተተከለ የአካል ክፍል ካላቸው ወይም የመከላከል አቅምን የሚያዳክም መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ክትባቱ የሚሰጣቸው ጥበቃ ያነሰ ስለሚሆን፣ ከጉዞ ሲመለሱ አምስቱን ቀን ሌላ ቤት ማሳለፍ ይኖርብዎታል። ሁለተኛው፣ በመነሻዎ ቀን እርስዎን ትኩሳት ወይም ሳል ከያዘዎት ነው፤ ፈጣን ምርመራው ነጻ ነዎት ቢልዎትም ትኬቱን ወደ ሌላ ቀን ያዛውሩ።